ሐሙስና ዓርብ ባዶ የሚሆኑ ወንበሮች፦ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የ9ኛ ክፍል ልጆች ጉዳይ

አዲስ የትምህርት ዘመን በመጣ ቁጥር ይህ ጉዳይ ትዝ ይለኛል። በ2010 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ አንዲት ደጋማ የወረዳ ከተማ ውስጥ የ9ኛ ክፍል መምህር ነበርኩ። የአንዱ ክፍል ሆም ሩምም እኔ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን፣ የከተማዋንና የሰዎቹን ስም አልጠራም። ልጆቹ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፤ ታሪኩ የነሱ ነው። እኔ የምጽፈው እኛ መምህራን ምን ላይ እንደተሳሳትንና ኋላ ምን እንዳደረግን ነው።

ዳራ

በወረዳው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ግን ያኔ ከተማዋ ላይ ብቻ ነው ያለው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፈ የገበሬ ልጅ መማር ከፈለገ ከተማ ገብቶ ቤት መከራየት አለበት። ዕድሜው 15 ወይም 16 ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ብዙ መምህራንም ያለፉበት ሕይወት ነው። ሦስት አራት ልጆች ይጋሩና አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ኪራዩን ወላጅ እህል ሸጦ ይከፍላል። ምግቡ ከቤት የሚመጣ ስንቅ ነው። ዓርብ ከሰዓት በእግር ወደ ገጠር፣ እሑድ ደግሞ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎና በሶ ተሸክሞ ወደ ከተማ። ቅርብ የሚባለው ልጅ የሁለት ሰዓት መንገድ ይሄዳል። ሩቅ የሚባለው የአምስት ሰዓት።

ሌላም ነገር አለ። 9ኛ ክፍል ሲገባ ከቋንቋ ትምህርቶች በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ከቤቱ ርቆ፣ ስንቁን ቆጥሮ እየበላ፣ በማይሰማው ቋንቋ ባዮሎጂ ይማራል። ይህ ሁሉ በአንድ መስከረም ነው የሚመጣበት።

ትምህርት በወረቀት የሚጀመረው በመስከረም መጀመሪያ ነው። ክፍሉ የሚሞላው ግን ከመስቀል በኋላ ነው። እኔ ክፍል መዝገብ ላይ 71 ልጆች ነበሩ። ከነሱ 40 ያህሉ ተከራይ እንደሆኑ ያወቅኩት ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ነው። በየቀኑ ስማቸውን እጠራለሁ፤ የት እንደሚያድሩ ግን አላውቅም ነበር።

ችግሩ፣ መጀመሪያ እንደመሰለን

ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት ክፍሉ መሳሳት ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ይረፈዳል። ዓርብ ከእረፍት በኋላ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። መምህራን ክፍል ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ነበር፤ የዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ፎራፊ ነው።

የወሰድነውም እርምጃ እንደዚያው ነበር። 2 ሰዓት ከ10 ሲሆን የግቢው በር ይዘጋል። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ "ወላጅ አምጣ" ይባላል።

እኔም አንዱን ልጅ እንዲሁ አልኩት። ተከታታይ ሰኞዎችን ቀርቶብኛል። "ወላጅህን ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ" አልኩት። "እሺ ቲቸር" ብሎ ወጣ። ያን ሳምንት አልተመለሰም። በሚቀጥለው ሰኞ ረፋድ ላይ ከአባቱ ጋር በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አባቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው "መምህር፣ ልጁ ምን አጠፋብዎ?" አሉኝ። ሰኞ ሰኞ እንደሚቀር ነገርኳቸው። "እሑድ ውኃው ሞልቶ አላሻግር ሲለው ነው እኮ። ወንዙ እስኪጎድል ያድርና ሰኞ ገና ሳይነጋ ይነሳል" አሉ። ለአንድ ሰኞ ጠዋት ብዬ የአምስት ቀን ትምህርት አስቀረሁበት። አባቱንም ከአረም ሥራ አስፈታኋቸው። ለሌሎቹ መምህራን ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ነገሩ የፈነዳው በጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አንዲት የክፍሌ ልጅ ሰልፍ ላይ ወደቀች። ጓደኞቿ "ቡዳ ነው፣ ቡዳ ነው" እያሉ ተንጫጩ። አንዱ ጤና አዳም ፍለጋ ሮጠ። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር አጨሰ። ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ "እህል የቀመስሽው መቼ ነው?" አለቻት። ልጅቷ ዝም አለች። ደግማ ስትጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "ረቡዕ" አለች።

"ለምን?"

"እንጀራው ሻገተ።"

ስም መጥሪያውን በቀን ስናነበው

የዚያን ዕለት ከሰዓት አንዲት የሒሳብ መምህርት የየክፍሉን ስም መጥሪያ ሰብስባ መጣች። እኛ ስም መጥሪያ የምናነበው ሁሌም ወደ ጎን ነው። እገሌ ስንት ቀን ቀረ፣ እገሊት ስንት ቀን አረፈደች። እሷ ወደ ታች አነበበችው። ሰኞ ስንት፣ ማክሰኞ ስንት፣ ረቡዕ ስንት ብላ በየቀኑ ደመረች።

ማክሰኞና ረቡዕ ክፍሎቹ ሙሉ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሐሙስ መቀነስ ይጀምራል። ዓርብ ከእረፍት በኋላ በኔ ክፍል ከ30 በላይ ልጅ ይጎድላል። ሰኞ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ይጎድላሉ። ለፉርፋ ቢሆን ማክሰኞን ማን ይምራታል? አለች።

መልሱ እንጀራው ላይ ነበር። እናት ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ጠዋት ትጋግራለች። በደጋ አገር፣ እርጥበት ባለው ክፍል፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ እንጀራ ረቡዕ ላይ ይሻግታል። ብልጥ ልጅ ማክሰኞ ከፊሉን ያሰጣና ድርቆሽ ያደርገዋል። ዝናብ ያለበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ድርቆሹም አይደርቅም። ሐሙስ ያለው ቆሎ ነው። ዓርብ በባዶ ሆድ አራትና አምስት ሰዓት መሄድ አለ። መሽቶበት ጅብ እንዳያገኘው ልጁ ረፋድ ላይ ይነሳል። እኛ ይህን ፉርፋ ብለን መዝገብን።

ሐሙስ ማታ የገባንበት ክፍል

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ማታ ሦስት ሆነን የልጆቹን ቤት ለማየት ሄድን። ሐሙስን የመረጥነው ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ሰው ስለሌለው ነው። አንዷ መምህርት መሆኗ ደግሞ ግድ ነበር። የሴቶች ክፍል ሁለት ወንዶች ብቻችንን ማንኳኳት አንችልም።

አንዱን ክፍል ብቻ ልግለጽ። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። አንድ አምፖል አለ። ማብሪያ ማጥፊያው ግን ያለው አከራይዋ ቤት ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ይጠፋል። ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ላይ አራት ሴት ልጆች ይተኛሉ። ጥግ ላይ ሌላ ማዳበሪያ ተነጥፎ እንጀራ ተዘርግቶበታል። አንደኛዋ ተንበርክካ በጥፍሯ አረንጓዴውን እየፋቀች ደህናውን ለብቻ ትቆርሳለች። ስንገባ ደንግጣ በነጠላዋ ሸፈነችው። ሌላዋ ከሰፌድ ላይ ቆሎ አምጥታ "ቲቸር፣ ቅመሱ" አለችን። የቀራቸው እሱ ነው። እምቢ ማለት አልቻልንም፤ ጥቂት ጥቂት ፍሬ አነሳን። ያን ቆሎ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። ማታ ማታ ድንጋይ ያስደግፉበታል። የተከራዩበት ግቢ ውስጥ ጠጅ ቤት አለ።

በሌላ ቤት አንዲት ልጅ ከወንድሟና ከአጎቷ ልጅ ጋር ትኖራለች። ሦስቱም 9ኛ ክፍል ናቸው። ውኃ የምትቀዳው እሷ፣ ወጥ የምትሠራው እሷ፣ የምታጥበውም እሷ ናት። ወንዶቹ በልተው ይወጣሉ። እሷ ዕቃ አጣጥባ ስትደርስ በር ተዘግቷል። መዝገባችን ላይ ከስሟ ፊት ለፊት "አርፋጅ" የሚል ነበር የተጻፈው።

ያደረግነው

የመምህራን ስብሰባው ቀላል አልነበረም። "እኛ መምህራን ነን እንጂ የእርዳታ ድርጅት አይደለንም" ያለ ባልደረባ ነበረ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። 70 ልጅ ያለበትን ክፍል ለሚያስተምር ሰው ተጨማሪ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ርዕሰ መምህሩ እስከ መንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ እንሞክረው ብሎ ወሰነ።

መጀመሪያ "ወላጅ አምጣ" የሚለውን ቅጣት ለተከራይ ልጆች አነሳን። በምትኩ እኛ ወላጅ ወዳለበት ሄድን። ወላጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ከተማ ይመጣል። የወላጅ ስብሰባ የምንጠራው ግን በሥራ ቀን፣ ጠዋት ነበር። ከዚያ በኋላ እህል ተራ አጠገብ አንድ አግዳሚና አንድ ጠረጴዛ አወጣን። ሁለት መምህራን በተራ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ስም መጥሪያ ይዘው ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ 9 ወላጅ መጣ። በአራተኛው አግዳሚው አልበቃ አለ። ጤፉን ሸጦ፣ አህያውን አስሮ የልጁን ነገር ጠይቆ የሚሄድ አባት አየን። ስልክ ያለው ቁጥሩን፣ የሌለው የጎረቤቱን ቁጥር አስመዘገበ። ከሠራነው ሁሉ እንደዚህ የተሳካ የለም። ወጪውም የሁለት ሰው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ከዚሁ አግዳሚ ነው። አንዲት እናት "ረቡዕም እኮ ትንሽ ገበያ አለ። ከኛ ቀበሌ ሰው አይጠፋም፤ እንጀራውን ለምን ለሁለት ከፍለን አንልክም?" አሉ። እንደ ወንፈል ተራ ገቡ። በየሳምንቱ የተራው ሰው የቀበሌውን ልጆች ስንቅ በአህያ ጭኖ ያመጣል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች በየፌስታሉ አፍ ላይ የተለያየ ቀለም ክር አሰሩ። ቀይ የእገሌ፣ አረንጓዴ የእገሊት። ጥበቃው ተቀብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ያስቀምጣል፤ ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ይወስዳሉ። ከ11 ቀበሌ 7ቱ ይህን ማድረግ ቻሉ። አራቱ በጣም ሩቅ ነበሩ። ለነዚያ ልጆች መፍትሔ የሆነው ዱቄት ይዞ መጥቶ ከተማ መጋገር ነው። አንዳንድ አከራዮች ምጣዳቸውን ፈቀዱ። ወንዶቹ መጀመሪያ አፈሩ። በኋላ ግን ሁለት ልጆች ጋግረው ሲበሉ ሌሎቹ አዩ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀለለ።

ሦስተኛው አቀባበል ነው። የ10ኛ ክፍል ተከራዮችን ሰብስበን እያንዳንዳቸው ከቀበሌያቸው የመጡ ሦስት አራት ልጆችን እንዲይዙ አደረግን። ሥራቸው ቀላል ነው። ውኃ የት ይቀዳል፣ የትኛው አከራይ ደህና ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ቢያምህ ለማን ትናገራለህ። የከተማ ልጆች የገጠሮቹን "ፋራ" ይሏቸው ነበር፤ በኮንጎ ጫማቸው ይስቃሉ። የገጠሮቹም ከኋላ ወንበር ይጎለታሉ፤ እጅ አያወጡም። እኔ ክፍሌን አቀያይሬ አስቀመጥኩ። ሚኒ ሚዲያው ከተከራዮቹ ሁለት ልጆች ወሰደ። አንደኛው ጥሩ መሰንቆ ይጫወት ነበር። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ተጫወተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርተው ሰላም የሚሉት የከተማ ልጆች በዙ።

ለሴቶቹ የሥርዓተ ፆታ ክበቡ አንዲት ትንሽ ክፍል አዘጋጀ። ሞዴስ፣ ሳሙናና ውኃ ተቀመጠ፤ ቁልፉ መምህርቷ ጋ ነው። መቀርቀሪያውን ደግሞ የእንጨት ሥራ የሚያውቅ አንድ መምህር በራሱ እጅ እየዞረ ገጠመ። 14 በር።

የግቢው በር ሰኞ እስከ 3 ሰዓት ክፍት እንዲሆን ተደረገ። ከቤት ሥራ ብዛት ለሚያረፍዱት ሴቶች ግን ይህ ብቻ አይበቃም ነበር። ያችን ልጅ በተመለከተ ቅዳሜ አባቷን አነጋገርናቸው። ወንድሟን ጠርተው "ውኃ የምትቀዳው አንተ ነህ" አሉት። ቀዳ።

ያልሠራው

የመጀመሪያ ሙከራችን ከሁሉ የከፋው ነበር። ልጅቷ በወደቀች ማግሥት ደንግጠን ከደመወዛችን አዋጣን። "ችግረኛ ተማሪዎች" ብለን ስም ዝርዝር አወጣን። ዝርዝሩ ሰልፍ ላይ ተነበበ። ተጠሪዎቹ ሻይ ቤት ሄደው ሻይ በዳቦ እንዲበሉ ነበር ሐሳቡ። ከ23 ልጆች የሄዱት 4 ናቸው። የወደቀችው ልጅ ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረች። በራቡ ላይ ሀፍረት ጨመርንባት። ገበሬ አባት ያለው ልጅ ራሱን ለማኝ አድርጎ አያውቅም፤ እኛ በአደባባይ እንዲያ አልነው። በኋላ ያንን ገንዘብ የረቡዕ ስንቅ ለማይደርሳቸው ልጆች ዱቄት ገዛንበት። ዱቄቱን የሚሰጡት የ10ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ማንም አላየም።

የሐሳብ መስጫ ሳጥን ሰቅለን ነበር። ወር ሙሉ አንድ ወረቀት አልገባበትም። ቦታው የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ነበር። ማን ደፍሮ ያስገባል?

አከራዮችን በቀበሌው በኩል ሰብስበን ስለ መብራትና ስለ ውኃ ተነጋገርን። ጥቂቶቹ መብራቱን እስከ 4 ሰዓት አራዘሙ። ሌሎቹ በሚቀጥለው ወር ኪራይ ጨመሩ። ይህን አላሰብንበትም ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ሲደርስ ልጆቹ እንደገና ጠፉ። ይህን ማስቆም አልቻልንም፤ ማስቆምም የለብንም ብዬ አምናለሁ። ስንቁ የሚመጣው ከዚያው ማሳ ነው። የተሻለው ነገር የማጠናከሪያ ትምህርቱን ከአጨዳው በኋላ ማድረግ ነበር። በጥር ሞከርነው፤ ከፊሉ ሆነ።

በዚያው ጥር ከክፍሌ አንዲት ልጅ ተዳረች። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። እሷ 16 ነበረች። የሰማነው ድግሱ ካለፈ በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ አግዳሚው ላይ መጥተው አያውቁም ነበር። ያልመጡ ወላጆችን ዝርዝር ይዘን ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ እላለሁ። ለዚህ ሰበብ የለኝም።

ምን ተለወጠ

በጥቅምት ዓርብ ከእረፍት በኋላ ከ30 በላይ የሚጎድልበት ክፍሌ በየካቲት ከ8 እስከ 10 ነበር የሚጎድለው። ይህ ሁሉ የኛ ሥራ ነው አልልም። በየካቲት ወንዙ ጎድሏል፣ መንገዱ ደርቋል፣ እንጀራውም በበጋ ቶሎ አይሻግትም። የረቡዕ ስንቅ የሚደርሳቸውን 7 ቀበሌዎች ልጆች ከ4ቱ ጋር ሳስተያይ ግን ልዩነቱ ይታያል። ከትምህርት ከሚቀሩት ልጆች አብዛኞቹ ከአራቱ ቀበሌዎች ነበሩ።

ውጤታቸው ያን ያህል አልተሻሻለም። እንግሊዝኛው እንዳለ ነበር። እኔ ከየክፍለ ጊዜው የመጨረሻዋን 10 ደቂቃ ሐሳቡን በአማርኛ መልሼ እነግራቸው ነበር። እጅ የሚያወጡት ያኔ ነው።

ሌላ ትምህርት ቤት ቢሞክረው

የትምህርት ቤት ምገባ በአገራችን በአብዛኛው መጀመሪያ ደረጃ ላይ ያተኩራል። ከእናቱ ቤት የወጣው ግን የሁለተኛ ደረጃው ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሲነገር ሰው ሁሉ ስለ ኩረጃና ስለ መምህር ብቃት ተከራከረ። ክርክሩ ተገቢ ነው። እኔ ግን ከሦስት ዓመት በፊት የዓርብ ወንበሩ ባዶ የነበረውን ልጅ ነው ያሰብኩት።

ስም መጥሪያን በቀን መደመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ቢደረግ ብዙ ያሳያል። የሚታየው ነገር በየቦታው ይለያያል። ቆላ አካባቢ ወባ ሊሆን ይችላል። ከተማ ውስጥ በሥራ የሚውል ልጅ ሊሆን ይችላል። የቤት ሠራተኛ ሆነው በማታ የሚማሩ ሴቶች ካሉ ደግሞ ሌላ ቀን ይጎድላል። ቀኑ ከታወቀ ጥያቄው ይቀላል።

እርዳታ ከተደረገ ስም አይነበብ። በሰልፍ ላይ ቀርቶ በክፍል ውስጥም። ልጆች ለልጆች ቢያደርሱት ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ወላጆች ራሳቸው ምን ማድረግ እንደሚችሉ ይጠየቁ። እኛ ገንዘብ ስናዋጣ የረቡዕን አህያ ያሰቡት እናት ናቸው።

ወላጅ የሚጠራበት ቀን የወላጁ ቀን ይሁን፤ ገበያ ያለበት ገበያ፣ ወርኃዊ በዓል የሚከበርበት የበዓሉ ማግሥት። ሳይመጡ የቀሩትን ስም መያዝም አይረሳ። የኛ ትልቁ ክፍተት እሱ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ አራት ጥያቄ ጨመርን። የት ታድራለህ? ከማን ጋር? ስንቅህን ማን ያመጣል፣ በምን ቀን? የቤትህ በር ከውስጥ ይዘጋል? ምዝገባ ነሐሴ ላይ ስለሚጀመር ቅጹን ሐምሌ ላይ ማባዛት ያስፈልጋል።